ሁለት መቶ አሥራ አራት ነፍስ

በስደት አገር፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ «እኔ በነበርኩበት አገር» የሚል ሽማግሌ የሌለበት ምግብ ቤት ቢፈለግ አይገኝም። ለሉሊት ምግብ ቤት በዕጣ የደረሱት ክቡር ጋሼ ተክለብርሃን ናቸው፤ በወጣትነታቸው የትራክተር ጥገና ሊማሩ ሩሲያ ተልከው ሁለት ዓመት የከረሙባት የቹራኖቭካ መንደር ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር።

ፍሪዌዩ በመኪና ተዘጋ ሲባል፣ «ቹራኖቭካ የነበራት ትራክተር አንድ ነው፤ ማንንም አግዶ አያውቅም» ይላሉ። ሰው በዘር ሲጨቃጨቅ፣ «ሩሲያው፣ ታታሩ፣ ቹቫሹ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ የእንፋሎት ቤት በተራ ይታጠብ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራት ነፍስ፣ እኔን ጨምሮ!» ሠርግ ቢነሣ ቹራኖቭካ፣ ወጥ ጨው ቢበዛበት ቹራኖቭካ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ፓርኪንግ የሚሠራውን ፍስሐን መረረው።

«ቆይ ጋሼ፣ ሰርች ላድርጋት» ብሎ ስልኩን አወጣ። «ኦኬ፣ አገኘኋት! የሕዝብ ብዛት… ዜሮ! ጋሼ፣ መንደርህ እኮ ሰው የላትም!»

ገበታው በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ የጠቀለሉትን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት።

«እነራሺድስ?» አሉ ቀስ ብለው። «ጋሊናስ? ዩሪ እንኳ ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው አልነበረም…»

ኮታቸውን አንሥተው ወጡ።

«ፍስሐ፣ መርዶ እንዲህ ይነገራል?» አለች ሉሊት። «በምሳ ሰዓት፣ እያሳቁ?»

ፍስሐ እስከ ጆሮው ጋለ። የአባቱን ሞት ሃውቶርን ቤቱ ድረስ መጥተው ያረዱት እኚሁ ጋሼ ነበሩ፤ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሰው አስከትለው፣ ውሃ አጠጥተው፣ ትከሻውን ይዘው።

ሳምንቱን ሙሉ ወንበራቸው ባዶ ሆነ። ፍስሐም ያን ወንበር ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ ጀመር።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ምስር ወጥ ከተሸከመችው ከሉሊት ጋር ፓልምስ ሰፈር ሄዶ የጋሼን በር አንኳኳ።

«ምነው በጧት? ማን ሞተ?»

«ቹራኖቭካ» አለ ፍስሐ አንገቱን ደፍቶ። «ለቅሶ ልንደርስ ነው። ያን ቀን አጠፋሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።» አንቱታ ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ጋሼ ከበሩ ዞር አሉላቸው። ተቀመጡ። ሉሊት «እግዜር ያጥናዎት» አለች። ለቅሶ ቤት ስለ ሟች መጠየቅ ወግ ነውና፣ ፍስሐ ጀመረ።

«የራሺድ ቤት… ከወንዙ ወዲህ ነው ወዲያ?»

«ይህን ሁሉ ዓመት ስነግርህ የት ነበርክ?»

«ፊትዎ ተቀምጬ።»

ጋሼ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደሱ ሳብ አደረጉ።

«በል ከመጀመሪያው ቤት እንነሣ። እኔን ሳይጨምር ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ነፍስ ነው። ሉሊት፣ ወጡን አሙቂው፤ ምሳም እዚሁ ነን።»