የልጄ እግር የማን ነው?

ልጄን ቀምተውኛል። ልጄ በደመወዝ ኳስ የሚጫወት ሰው ነው፤ ታዲያ የእናቱ ወንድም ይማም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ለጋዜጣ «እግሩን የወረሰው ከእኔ ነው» አለ። እኔ በአርባ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ይህን ላነብ ኖሯል? እናንተስ ጎል በገባ ቁጥር የሚወለድ አጎት የላችሁም? ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሽማግሌ አስቀመጥኩ።

«ኳሱን በቢላ የቀደድክበት አንተ አይደለህ እንዴ ሰይድ?» አለኝ ይማም፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ወላሂ ቀድጃለሁ!»

ሽማግሌው ሼህ ወደ ልጄ ዞሩ።

«አባዬ ሲቀድብኝ በጨርቅ ኳስ ተጫወትኩ» አለ ልጄ። «የጨርቅ ኳስ አይነጥርም፤ ኳስ ከእግሬ ማጣበቅ የለመድኩት በዚያ ነው።»

«እንግዲያ እግሩን ያወጣው ቢላው ነው» ብለው ፈረዱ ሼሁ።

ቢላው ደግሞ የእኔ ነው። ይማም «ይቅር በለኝ» ያለኝ በአረፋ ማግስት፣ ጥር 3 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው።