የእትዬ ጥሩወርቅ ራስ ምታት

እኛ ሰዎች ሐኪም ባዶ እጃችንን ሲሸኘን ደስ አይለንም። «ምንም የለብህም፤ ሂድ እረፍ» ያለን ሐኪም የሰደበን ይመስለናል። መርፌ የወጋን፣ ደም የቀዳን፣ ራጅ ያስነሳን፣ ከዚያም የማይነበብ ጽሑፍ ጽፎ ወደ መድኃኒት ቤት የሰደደን እንደሆነ ግን «እጁ ፈዋሽ ነው» ብለን ለጎረቤት እንመሰክርለታለን። ነገሩ ራስ ምታት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሆድ ሲታመም ምግብ ይታማል፣ እግር ሲታመም ጫማ ይታማል፤ ራስ ከታመመ ሁላችንም «ነርቭ ነው» ብለን እናርፋለን። ነርቭ ምን እንደሆነ የሚያውቅ በመካከላችን የለም።

ስለዚህ ዛሬ «ለራስ ምታት ሁሉ ምርመራ አያስፈልግም፣ የማይጠቅም ክኒን ይቅር» የሚሉ ሐኪሞች ስትሰሙ እመኗቸው። እውነታቸውን ነው። ይህን ካልኩ በኋላ ግን እትዬ ጥሩወርቅን ላስተዋውቃችሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ላይ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ሰሎሞን። በዚያ በቀይ ሽብር ሰሞን ከራት ላይ አስነስተው ወሰዱት፤ ጠዋት አስፋልት ዳር ተጥሎ ተገኘ። ቀበሌው ወዲያው መልእክት ላከ፤ ድንኳን አይተከልም፣ ጥቁር አይለበስም፣ አይለቀስም። ያን ዘመን ያላየ ሰው ያጋነንኩ ይመስለዋል። ምነው ባጋነንኩ!

እናት አላለቀሱም። እንባቸውን ዋጡት። የተዋጠው እንባ የት እንደሚሄድ ባላውቅም ብዙም ሳይቆይ ራሳቸውን ይፈልጣቸው ጀመር። ውሸት አልነበረም፤ በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው ግድግዳ ሲገፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቴ የሰፈራችንን ድሬሰር ጠራች። መጣ፣ ወጋ፣ ሄደ። ያልታሰበው ነገር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰፈሩ «እትዬ ጥሩወርቅ ታመሙ» መባሉን ሰማ። ለቅሶ መድረስ ተከልክሏል እንጂ በሽተኛ መጠየቅ መች ተከለከለ! ሴቶቹ ነጠላቸውን ሳያዘቅዝቁ፣ እንደ ደህና ቀን ለብሰው ገቡ፤ ቤቱ ሞላ። «ወይ ራሴን!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «እኔን! ወይ ራስዎን!» አሉ ሴቶቹ። ያ ሁሉ የታፈነ ለቅሶ ገነፈለ። የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን እንዳነገተ በበሩ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?»

«ራሳቸውን አሟቸው ነው» አለች ባለቤቴ፣ የመርፌውን ብልቃጥ ከፍ አድርጋ እያሳየችው።

ብልቃጡን አየ። ለራስ ምታት ይህን ያህል መለቀሱ ሳይገርመው አልቀረም፤ ግን ራስ ምታትን የሚከለክል መመሪያ አልደረሰውም። ሄደ።

እንግዲህ ሕክምናውን ማን ያቁመው? መርፌው ሲያልቅ ለቅሶውም ሊያልቅ ነው። ስለዚህ ራጅ አስነሳናቸው። ራጁ ንጹሕ ሆነና ደነገጥን። ንጹሕ ራጅ ምን ያደርግልናል? ሌላ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ነርቭ ነው ብለው ክኒን ሰጡ። ሌላው ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ ክኒን ጨመረ። አንዱም «ያኛው ምን ሰጠዎት?» አላለም፣ እኛም አልተናገርንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን በሽታውን ደብቀን ከረጢት ሙሉ መድኃኒት አገኘን። ከሐኪም ቤት በተመለሱ ቁጥር ጠያቂው ይጎርፋል፤ እሳቸውም «ወይ ራሴን» እያሉ ልጃቸውን ያለቅሳሉ።

ክኒኑ ግን የእኛን ብልሃት አያውቅም። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብቅ ስል ሁለት ሳህን አቅርበው አገኘኋቸው።

«ቁጭ በል፣ ሰሎሞን ይመጣል። ዛሬ ምነው ቆየ?» አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ልጃቸውን እንዲያለቅሱበት የሰጠናቸው መድኃኒት መሞቱን አስረሳቸው። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ እንዳይሰማብኝ አፌን በጋቢ ይዤ።

በማግስቱ የነርቭ ሕክምና ውጭ አገር ተምሮ መጣ የተባለ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ወጣት ነው፣ አይቸኩልም። ጉልበታቸውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ፣ ዓይናቸውን በባትሪ አየ፣ አስነስቶ አስኬዳቸው። የክኒኑን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ስዘረግፍለት ፊቱ ተለወጠ።

«እናቴ፣ አሁን የሚያምዎት መድኃኒቱ ነው። ቀስ በቀስ እናቆመዋለን። ከእንግዲህ ራጅም ሌላ ምርመራም አያስፈልግዎትም።» ከረጢቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገና «መጀመሪያ ሲያምዎት ምን ሆነው ነበር?» አለ።

ያን ዕለት ልባቸው ተመልሶላቸው ነበር። እሳቸው እኔን አዩ፤ እኔ በሩን አየሁ። ሐኪሙ ተነስቶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማንን ነው ያጡት?»

«ልጄን።»

«እንግዲህ ያልቅሱ። መድኃኒቱ እሱ ነው።»

«የት?» አሉት እትዬ ጥሩወርቅ።

ይህን ውጭ አገር አላስተማሩትም።

ሰውየው በሁሉም ነገር ትክክል ነበር። ክኒኑ እየቀነሰ ሲሄድ እጃቸው ረጋ፣ እርምጃቸው ቀና፣ ራስ ምታቱ ራሱ ከክኒኑ ጋር ሄደ። አእምሯቸው ጠርቶ ሰሎሞን እንደማይመጣ በደንብ ዐወቁ። የአብዮት ጥበቃውም የዳነ ሰው እንደማይጠየቅ ያውቃልና ሴቶቹን በተናቸው። እንዲህ ያለ የተሳካ ሕክምና ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ሴትዮዋ ፍጹም ጤነኛ ሆነው ባዶ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን።

«ራስዎን እንዴት ነዎት፣ እትዬ?»

«ዳንኩ» አሉኝ፣ እንደተፈረደበት ሰው። ጥቂት ሄደን ቆም አሉና ግራ ቀኙን አዩ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። አሁን ምኔን ልታመም?»

እንደ ቁም ነገር አሰብኩበት። ሆድ እንዳልል፣ ሆድ በአንድ ሽሮፕ ይድንባቸዋል።

«ወገብዎን» አልኳቸው።

ልጅ የሞተባት እናት ወገቧ ተቆርጦ የለ? ምሽቱን ሴቶቹ ሲገቡና «ወይ ወገቤን!» የሚለው ለቅሶ ሲነሳ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። በማግስቱ እኔው ራሴ ይዣቸው ሄጄ ወገባቸውን ራጅ አስነሳኋቸው።