በሃምሳ አይሰገድም

ሥርዓት አስከባሪ የሌለበት የአበሻ ማኅበር እስካሁን አልተፈጠረም። ሁለት አበሾች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡ፣ አንደኛው እንዴት መቀመጥ እንደሚገባ ለሌላው ሲያስረዳ ታገኙታላችሁ። የሮም ሹመት ግን ያለ ተቀናቃኝ የክብርት ወይዘሮ ዓይናለም ነው። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም።

ወይዘሮ ዓይናለም፣ በጎረቤታቸው በሠናይት ሠርግ ኬኩ ከጸሎት በፊት ሊቆረስ ሲል ቢላዋውን ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው የተቀመጡ ሴት ናቸው። ትራም ውስጥ ቢልዬቶ፣ ማለትም ትኬት፣ ያልቆረጠ አበሻ ካዩ፣ ተቆጣጣሪ ሳይመጣ እሳቸው ያስወርዱታል። ተቀጥረው የሚንከባከቧቸው ጣሊያናዊት አሮጊት ሲኞራ እንኳ ምሳ ከመቅረቡ በፊት እጃቸውን ዘርግተው ያስፈትሻሉ። ለምን ብሎ ለጠየቀ መልሱ አንድ ነው፤ «ሥርዓት ሥርዓት ነው!»

እኚህን ሴት ዮጋ የወሰደቻቸው የእህታቸው ልጅ ሔራን ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሔራን ፒኜቶ በሚባለው የሮም ሠፈር፣ ግድግዳው እርጥበት በሚያለቅስ ምድር ቤት ዮጋ ስታስተምር ከርማ፣ ከሮም ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ የጥንት መኳንንት ቪላ ለቅዳሜና እሁድ አገኘች። የቪላው ባለቤት፣ አንዲት ኮንቴሳ የሚባሉ የመኳንንት ዘር፣ ነገሩን ቁርጥ አድርገው ነገሯት፤ «እሁድ መጥቼ አየዋለሁ። ካማረኝ ከሰኔ እስከ መስከረም ያንቺ ነው። ካላማረኝ ለሠርግ አከራየዋለሁ።» አዳራሹ መሙላት ነበረበት። በመጨረሻው ሰዓት ከተመዘገቡት አንዲት ሴት ቀረችባትና ሔራን አክስቷን ለመነች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

ጊዜው ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ያለው ሃምሳ ቀን ነበር። በሃምሳ ጾም የለም፤ ስግደትም የለም። ሔራን ይህን ረስታዋለች። ወይዘሮ ዓይናለም የሚረሱ ይመስላችኋል?

ዓርብ ማታ እራት ቀረበ፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ቅጠላ ቅጠል። ወይዘሮ ዓይናለም ሳህኑን እንደ ክስ ወረቀት ተመለከቱት።

«በሃምሳ ምስር? ማን ሞቶ ነው?»

«አክስቴ፣ የዮጋ ምግብ ነው። ሰውነት ያጸዳል» አለች ሔራን።

«ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ስጾም ምነው ያን ጊዜ ብትጠሪኝ?»

ይህን ብለው ከቦርሳቸው የተቀቀለ እንቁላል አውጥተው ለአጠገባቸው ሰዎች አደሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንቁላል ያልነኩ አንድ የሚላኖ ሰውዬ እንኳ ተቀብለው፣ ምን እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው እስኪተኙ ድረስ ይዘውት ዞሩ።

ዋናው ጣጣ ቅዳሜ መጣ። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ላይ የጥንት ሠዓሊ ወፋፍራም መላእክት ሥሎበታል። ወይዘሮ ዓይናለም ቀና ብለው አዩና፣ «እነዚህን ያለ ልብስ የሣለ ሰው ሥርዓት አልተማረም» ብለው ነጠላቸውን አጠበቁ። ሔራን ሁሉም እንዲንበረከክና ግንባሩን ምንጣፉ ላይ እንዲያሳርፍ ነገረች። ሁሉም ተደፋ። ወይዘሮ ዓይናለም ቆሙ።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ የሕፃን አተኛኘት ነው የሚባለው። ለወገብ ነው።»

«ግንባር መሬት ከነካ ስግደት ነው። ስሙን እንደፈለጋችሁ አውጡለት።»

«ሕፃን እኮ...»

«ሕፃንም ቢሆን በሃምሳ አይሰግድም!»

ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ሰው ሲደፋ እሳቸው መሐል አዳራሽ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። ሔራን ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ያቺ ምድር ቤት ከነእርጥበቷ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት።

እሁድ ኮንቴሳዋ በር ከፍተው ሲገቡ ያዩት ይህንኑ ነው። አዳራሽ ሙሉ ጣሊያን ግንባሩን ምንጣፍ ላይ ደፍቶ፣ መሐል ላይ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አሉ ኮንቴሳዋ፣ «መምህሯ እሳቸው ናቸው?»

«አይደሉም፣ አክስቴ ናቸው» አለች ሔራን።

«የገዛ አክስትሽ ካልሰሙሽ ሌላው ለምን ይሰማሻል?»

የሔራን ዓይን እንባ ሞላ። ወይዘሮ ዓይናለም ያን ፊት ያውቁታል፤ እናቷ የሞተች ሰሞን በር በተንኳኳ ቁጥር የምታሳየው ፊት ነው። አንዴ ልጅቷን አዩ፣ አንዴ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ተንበረከኩ። ግንባራቸውም ምንጣፉን ነካ።

ሔራን ክው አለች። ጎንበስ ብላ፣ «አክስቴ፣ ሃምሳ ነው እኮ!» ብላ አንሾካሾከች።

«ማን ሰገደ? ሎቲዬ ወድቆብኝ ነው። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ሔራን አየች። ሁለቱም ሎቲዎች ጆሯቸው ላይ ተንጠልጥለዋል።

ኮንቴሳዋ ግድግዳ ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዩ። ልምምዱ ሲያልቅ፣ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቁልፉን ውሰጂ» ብለው ወጡ። እንግዶቹም አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። ወይዘሮ ዓይናለም ግን አልተነሡም።

«አክስቴ፣ ሄደዋል። ይነሡ።»

«መች ተገኘና?» አሉ፣ ግንባራቸውን ከምንጣፉ ሳያነሡ።

ሔራን አጠገባቸው ተንበርክካ ግንባሯን ደፋች። «እንግዲያው ላፋልግዎት።»

«በደንብ ፈልጊ» አሉ ወይዘሮ ዓይናለም፣ በመዳፋቸው ጀርባዋን እያሻሹ። «ሥርዓት ሥርዓት ነው።»