ሐኪም መርማሪው አቶ ሀብተሥላሴ

በየትኛውም ሐኪም ቤት ደጃፍ አንድ የማይታጣ በሽተኛ አለ፤ ሊመረመር ሳይሆን ሐኪሙን ሊመረምር የሚመጣ። በኬንያዋ ሞያሌ ይህ ማዕረግ የባለሱቁ የክቡር አቶ ሀብተሥላሴ ነበር። ሚስታቸው ወይንሸት ከተጋቡ ጀምሮ ከጎናቸው ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን ኖራለች።

የሰውየው መለኪያ መርፌ ነው። "ሳይወጋ የተመለሰ ሰው ታከመ አይባልም፤ ሐኪሙን ሰላም ብሎት መጣ ነው የሚባለው" ይላሉ። አንዴ ለጉንፋን ክኒን የሰጠቻቸውን ነርስ "ይሄንንማ ለዶሮም ይሰጣሉ!" ብለው ጮኸውባታል።

የሞባይል ስልክ ሞያሌ በገባ ሰሞን አዲስ ጫማ እግራቸውን ላጣቸው። ቁስሉ አልደርቅ አለ። ወይንሸት ለምና ወደ መንግሥት ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ከዳበል መንደር ሕፃን አዝለው ከመጡ እናቶችና ወገቡን ከያዘ የከባድ መኪና ሾፌር ጋር ሲሚንቶው ላይ ሲጠብቁ ዋሉ። ተራቸው ሲደርስ ጄምስ የሚባለው ሐኪም ደማቸውን አስመረመረና ከወረቀቱ ቀና ሳይል በስዋሂሊ "ሱካሪ አለህ" አላቸው፤ ስኳር አለብህ ማለቱ ነው።

"በኩንታል አለኝ! ስንት ኪሎ ልመዝንልህ?"

በሩ ላይ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ጄምስም ፈገግ አለ፤ ክኒን አዘዘ፤ "በየሳምንቱ እየመጣህ እግርህን አሳይ" ብሎ ቀጣዩን ጠራ። ይህ በሽታ እግር እንደሚያስቆርጥ ቁጭ ብሎ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረውም፤ ሰልፉ ከበሩ አልፎ ግቢውን ዞሯል።

"እጁ እንኳ አልነካኝም" አሉ ሲወጡ። "ሁለተኛ እዚህ አታምጪኝ።"

በማግስቱ የግል ክሊኒክ ሄዱ። እዚያ ወንበሩ ይመቻል፣ ቴሌቪዥን አለ። ዶክተሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው፤ "ፖሌ ሳና፣ ባባ" ብሎ አዘነላቸው፤ ቀዝቃዛ ሶዳ አስመጣላቸው። ከዚያ መርፌ።

"ሕክምና ማለት ይሄ ነው!" አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

ስለ ስኳሩ ወይንሸት ልትናገር ስትል በዓይናቸው ገሠጿት፤ ዶክተሩም አልጠየቀም። ደንበኛን ማን ያስከፋል? ሶዳውና መርፌው ቀጠለ። በዕድሜያቸው እንዲህ ረክተው አያውቁም። እንደረኩ የእግራቸው ጣት ጠቆረ።

በጭነት መኪና ጋቢና ወደ ሶሎሎ ሚስዮን ሆስፒታል ስትወስዳቸው፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ሾፌሩን አንድ ቃል አልተናገሩትም። ወይንሸት የፈራችው ያኔ ነው። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ አያማርሩም። ቁስሉን ለማሳጠብ ሞያሌ መንግሥት ሆስፒታል ሲመላለሱ፣ ቢያስጠብቋቸው "ሥራ በዝቶባቸው ነው"፤ ፋሻ አልቋል ቢሏቸው "ይመጣል"። ያን "ይመጣል" በሰማች ቁጥር ወይንሸት ቀና ብላ ታያቸዋለች። ያፈረችበት ጩኸት ናፈቃት።

አንድ ቀን እዚያው ሆስፒታል ተራ ሲጠብቁ፣ በሽተኞችን ስለ አገልግሎቱ የምትጠይቅ ሃጂራ የምትባል ወጣት አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አባባ፣ በሕክምናው ረክተዋል?"

"በጣም፣ ልጄ። እግዜር ይስጣቸው።"

ወይንሸት ሳታስበው ብድግ አለች።

"አልረካንም! ይሄ ሰው እዚህ ደጅ የመጣው በሁለት እግሩ ነው። ጄምስ እውነቱን ነገረው፤ ግን እየተጣደፈ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። የግሉ ዶክተር ደግሞ ቁጭ ብሎ አጫወተው፤ እውነቱን ግን አልነገረውም። ቁጭ ብሎ እውነት የሚነግር አንድ ሰው በዚህ ከተማ እንዴት ይጠፋል?"

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አያት። ወይንሸት ደነገጠች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ልትቀመጥ ስትል አቶ ሀብተሥላሴ ቀሚሷን ያዝ አደረጉ።

"ጮክ በይ እንጂ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከተዘጋው የሐኪሞቹ በር ሳያነሡ። "ውስጥ ያሉት እኮ አልሰሙም።"