ግንባሩ ሰባት ሽብሽብ የጎደለው ሰው

ጅማ ውስጥ የቤት ሞዴል እየሠራ የሚተዳደረው ሲራክ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ብሩሹን እንደጨበጠ ሸለብ አደረገውና የጉድ ሕልም አየ። ሲያሸልበው ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ የእማማ ደብሪቱ ቤት ሞዴል ነበር። እማማ ቤታቸው ለመንገድ ከፈረሰ ወዲህ ከደጅ መውጣት ትተዋል። የልጅ ልጃቸው ሶስና እማማ ቤት ከኋላቸው ሆኖ የተነሱትን፣ ከሳጥን ያገኘችውን ፎቶ ይዛ መጥታ፣ "ለሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ እንዳይሰሙ። ቀለሙም ክዳኑም ቁርጥ ያንን ይምሰል፣ አደራ!" ብላዋለች። ግድግዳው ብቻ አሥራ አራት ጊዜ ሰማያዊ አስበጥብጦታል።

በሕልሙ ሲራክ ራሱ የሞዴሉ ጣውላ ላይ ቆሟል፤ ጫማው በማጣበቂያ ተይዟል። የከተማው ቤቶች ክዳናቸውን እንደ ባርኔጣ አውልቀው ተሰልፈዋል። ሰው ቤቱን እንዲመስል የሚቀባበት ቀን ነበር።

አንድ ጋሎን ቀለም መነጽሩን አድርጎ መጣና ጉንጩን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው።

"ይሄ ፀሐይ መትቶታል። ከግድግዳው ጋር አይሄድም።"

"እኔ እኮ ሰው ነኝ፣ ጌታዬ!"

"ሁሉም እንዲያ ይላል። ሁለት እጅ ቀቡት!"

እስከ አንገቱ ሰማያዊ ሆነ። ቀጥለው ርግቦች ሜትር ይዘው አናቱ ላይ ወጡ። አለቃቸው የግንባሩን ሽብሽብ ቆጠረች።

"ቆርቆሮው አሥራ አንድ ሽብሽብ አለው። ይሄ ግንባር አራት ብቻ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አሉ ቤቶቹ።

"የጎደለው ሰባት እስኪሞላ አስጨንቁት!"

ፀጉር ቤቱ ጠጋ ብሎ ስለ እናቱ የጉልበት ሕመም አንሾካሾከለት። አንድ። ወፍጮ ቤቱ "ቧንቧውን ሳትዘጋ ነው የወጣኸው" አለው። ሁለት። ዳቦ ቤቱ እያየው ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ብቻ ሦስት ጨመረ። ድንገት ሚስቱ ሰልፉን ሰንጥቃ መጥታ "አይዞህ፣ ሲራኬ" ስትለው ሁለት ሽብሽብ ጠፋ።

"ማነው ያስገባት? አጽናኝ ክልክል ነው!" ጮኸች ርግቧ። "በሉ፣ እማማ ደብሪቱ መጥተዋል በሉት!"

ግንባሩ ባንዴ ሞላ። ክዳኑን ሊመቱበት መዶሻ አነሱ። ኳ! ኳ! ኳ!

ነቃ። የሚንኳኳው በሩ ነበር። እማማ ደብሪቱ በእርግጥም መጥተዋል፤ ሶስና ምስጢሩ አምልጧት ክንዳቸውን ደግፋ አምጥታቸዋለች። ጎንበስ ብለው ሞዴሉን እስኪበቃቸው አዩት።

"ቀለሙ ቁርጥ ነው። ክዳኑም። የጎረቤቴ የአስካለ ቤት ነው።"

ሲራክ ፎቶውን ከጠረጴዛው አነሳ። "ፎቶው ላይ ከኋላዎ ያለው እኮ..."

"የኔማ ፊት ለፊት ነው። ፎቶ አንሺው የቆመው የኔ ደጅ ላይ ነበር፣ ልጄ።"

ሶስና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"አፍርሼ እንደገና እሠራዋለሁ፣ እማማ።"

"ተው! አርባ ዓመት በመስኮት ሳየው የኖርኩት ይሄንን ነው። የራሴን ውጪውን መቼ አይቼው?" በጣታቸው የክዳኑን ጠርዝ ነኩ። "ይህች አሸንዳ ግን ውሃዋን ወደ እኔ ደጅ ነበር የምትደፋው። ከአስካለ ጋር የተኳረፍነው በሷ ነው። አዙራት።"

ሲራክ ፒንሳውን አነሳ።