ላየው ብቻ ነው

በየቤተሰቡ ማንንም የማታምን አንዲት አክስት አለች። «እኛ ቤት የለችም» የሚል ካለ፣ እሱንም ስላላመነችው ተደብቃው ነው። የእኛዋ፣ ክብርት ልብስ ሰፊዋ አክስቴ፣ ሚዛን አታምንም፤ የአየር ትንበያ አታምንም፤ ወደ አፏ የሚጠጋን ሰውማ ጨርሶ አታምንም። «ምን አስበህ ነው?» ትላለች። ሰላምታዋም ምርቃቷም እሱ ነው።

ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ስገዛላት በጣቷ ዳብሳ፣ «ይሄ ለጥርስ ነው ወይስ ለመኳኳያ?» አለችና የስፌት መኪናዋን ብናኝ ጠረገችበት። ጎረቤቷ አዲሱን ሰው ሠራሽ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ ስትስቅ ደግሞ ጠጋ ብላ በጆሮዬ፣ «የማን እንደነበረ ጠይቀሃታል?» አለችኝ።

ከሁሉም የባሰው የፊት ጥርሷ ነገር ነው። መቀሱ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ ዕድሜዋን ሙሉ ክር የበጠሰችው በዚያ ጥርስ ነው። ዘንድሮ ድዷ አብጦ ይደማ ጀመር፤ ጥርሱም ተነቃነቀ። አንድ ቀን ዳቦ በሻይ እየነከረች፣ «ደረቅ ነገር ድሮም አልወድም» ስትል ደረስኩባት።

«አክስቴ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ።»

«ሊነቅሉት? በዚህ ጥርስ ክር እየበጠስኩ ነው እናንተን ያሳደግኳችሁ!»

ለምኜ፣ አኩርፌ፣ በመጨረሻ ወሰድኳት።

«እማማ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለች የጥርስ ሐኪሟ።

«መጀመሪያ አንቺ ክፈቺ።»

ሐኪሟ ሳቀችና ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ ከፈተች። አክስቴ አንገቷን አስግጋ መረመረቻት። «ደህና ነው። የራስሽ ነው?»

«የራሴ ነው። አሁን ደግሞ የእርስዎን። አይዞዎት፣ ላየው ብቻ ነው።»

አክስቴ ከወንበሩ ዘላ ወርዳ ቦርሳዋን አነሳች። «ይቺን ቃል አውቃታለሁ!»

እኔም አወቅኳት። በልጅነታችን የእኔንና የእህቶቼን የወተት ጥርሶች የነቀለችው እሷ ነበረች። ክሩን መዳፏ ውስጥ ደብቃ፣ «ላየው ብቻ ነው» ትለናለች፤ አፋችንን በከፈትንበት ቅጽበት ጥርሱ እጇ ላይ ነው። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን የጥርስ ሐኪሞችን ስትጠረጥር የኖረችው ራሷን አይታ ነው!

ነገሩን ለሐኪሟ ሹክ አልኳት። ሐኪሟ የመንቀያውን ጉጠት አወጣችና ለአክስቴ አስጨበጠቻት። «እስክጨርስ እርስዎ ዘንድ ይቆይ። ድድዎን ካጸዳነውና እርስዎም ከተንከባከቡት ጥርሱ ሊተርፍ ይችላል። ከተውነው ግን እኔ ሳልነካውም ይወድቃል።»

አክስቴ በአንድ እጇ ጉጠቱን፣ በሌላው የእኔን ጣቶች ጨምድዳ፣ ዓይኗን ሳትከድን ጋደም አለች።

ጥርሱ ዛሬም ቦታው ላይ ነው። አዲስ ለስላሳ ብሩሽ ራሷ መርጣ ገዝታለች፤ ጠዋትና ማታ፣ «ይቺ ሐኪም ምን አስባ ነው?» እያለች ትቦርሻለች።

ትናንት ልጠይቃት ስሄድ ሻይና ዳቦ አቀረበችልኝና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ክሩን ወደ አፏ አስጠግታ ቆም አለች፤ መቀሱን አነሳች። ከዚያ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«አንተ፣ በአንድ ጎን የምታኝከው ለምንድን ነው?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ምን አስበህ ነው? ና ወደ ብርሃኑ። አፍህን ክፈት፤ ላየው ብቻ ነው።»

ፀጉሬ ሸብቷል። ክሩ አሁንም ጣቷ ላይ ተጠምጥሟል። የዚያን ቃል ነገር ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

እግሯ ሥር ተንበርክኬ አፌን ከፈትኩላት።