የጠፋበት ምክንያት

አማርኛችን አንዳንዴ ቃል ይቆጥባል። መብራትም ይጠፋል፣ ሰውም ይጠፋል፤ ለሁለቱም አንድ ቃል አብቃቅተናል። በደህናው ጊዜ ልብ አትሉትም፤ ወዳጃችሁን ቸርችል ጎዳና ላይ ስታገኙት «ምነው ጠፋህ?» ትሉትና ተሳስቃችሁ ትለያያላችሁ። በደርግ ዘመን ግን ጥያቄው ጉሮሮ ላይ ይቀር ነበር።

ያኔ እኔ ፒያሳ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ የመብራት መጥፋት ቆጣሪ ነበርኩ። አትሳቁ፣ እንጀራዬ ነው። የትኛው ትራንስፎርመር መቼ እንደተበላሸ፣ ማን እንደጠገነው፣ «የጠፋበት ምክንያት» ምን እንደሆነ በሰንጠረዥ አሰፍራለሁ። እውነተኛውን ምክንያት ዘበኛው እንኳ ያውቀዋል፤ ዕቃው አርጅቷል። ግን «አርጅቷል» ብሎ መጻፍ አብዮቱን እንደማማት በሚቆጠርበት ዘመን ማን ይደፍራል? እኔ ፈሪው «ያልታወቀ» እያልኩ እሞላ ነበር።

ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ጠጋኝ ነበሩን። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያለው አሮጌ ትራንስፎርመር በተበላሸ ቁጥር፣ ሌላው «አሞኛል» ሲል፣ መሰላላቸውን ተሸክመው የሚሮጡት እሳቸው ናቸው። ታዲያ አንድ ቀን አዲስ የመጣው ካድሬ ሰንጠረዤን ሲያገላብጥ ቆየና፣

«ይሄ ወርቁ የሚባል ሰውዬ ስሙ ባለበት ሁሉ መብራት ጠፍቷል። ምክንያቱ ደግሞ አይታወቅም። አሻጥር ነው!» አለ።

«ጓድ፣ እሳቸው እኮ የሚሄዱት ከጠፋ በኋላ ነው» ማለት ነበረብኝ። ይህችው ናት፣ ሌላ አልነበረም። ወይ እኔ! ጋሽ ወርቁን ከመሰላላቸው ላይ አውርደው ወሰዷቸው።

በሚቀጥለው ወር ሪፖርቴ አማረ። ብልሽት የሚመዘገበው ጠጋኝ ሄዶ ሲፈርም ነው፤ የሚሄድ ከሌለ የሚመዘገብ የለም። ሰፈሩ በኩራዝ ተቀምጦ ካድሬው በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ከዚያ የጋሽ ወርቁ ባለቤት፣ እትዬ አስካለ፣ ቢሮዬ መጡ። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ያዘቅዝቁት ወይስ ይተዉት ግራ ገብቷቸው፣ ጫፉን በእጃቸው ጨብጠውታል።

«ልጄ፣ የሚጽፈው እሱ ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት። ወርቁ ለምንድን ነው የጠፋው?»

ምክንያቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ በራሴ እጅ ጽሑፍ። በክርኔ ሸፈንኩት። አፌ የለመደውን ተናገረ፤

«አልታወቀም፣ እትዬ።»

«እግዜር ይስጥህ» ብለውኝ ሄዱ።